ከዚያ በፊት የነበረው ሉቃስ

የኔታ ውቤ ማረፋቸውን የሰማሁት ከአንድ የሽንኩርት ተመራማሪ ጋር ጭቃ ውስጥ ቆሜ ነው። ልጁ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ነው። ሽንኩርቱ ከሥሩ ለምን እንደሚበሰብስ ለማወቅ በየማሳው እየዞረ አፈር ይዝቅና በላስቲክ ከረጢት ይቋጥራል። ስልኬ ሲጮህ እጄ ጭቃ ስለነበር እሱ አንሥቶ ጆሮዬ ላይ ያዘልኝ። የደወለው የደብሩ ዲያቆን ነበር። «የኔታ ጠዋት ዐርፈዋል፤ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው» ብሎኝ ዘጋ። ልጁ ፊቴን አየና «ዘመድዎ ናቸው?» አለኝ። «የሁላችሁም ዘመድ ናቸው» አልኩት። የገባው አልመሰለኝም።

እኔ ወረታ አጠገብ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ባለ አንድ ቀበሌ የግብርና ባለሙያ ነኝ። ሥራሽ ምንድን ነው ብትሉኝ ገበሬውን ስለ ሩዝና ስለ ጓያ ማማከር ነው እላለሁ፤ ደብዳቤዬም ላይ እንደዚያ ነው የሚለው። እውነቱን ለመናገር ግን የሥራዬ እኩሌታ ተመራማሪ ማዞር ነው። ሜዳችን ምን ማር እንዳለበት እንጃ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሰጥ ትምህርት ሁሉ ዞሮ ዞሮ እኛ ጋ ይመጣል። ለሩዝ የሚመጣ አለ፣ ለፎገራ ላም የሚመጣ አለ፣ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ውኃውን ሊለካ የሚመጣ አለ። ይኼስ ይሁን። የወንዛዬን ፍል ውኃ በጠርሙስ ቀድቶ የሚሄድ የኬሚስትሪ ተማሪም አለ። ጣራ ገዳም ድረስ ወጥቶ የብራናው ቀይ ቀለም ከምን እንደተቀመመ የሚጠይቅም አለ። አባት ሲሞት መሬቱ ለሴት ልጅ እንዴት እንደሚደርስ የሚያጠና የሕግ ሰውም መጥቷል። አንዲት የቋንቋ ተማሪማ የኛ ሰው ስልክ ሲያነሣ ወደ ጉዳዩ እስኪገባ ድረስ ስንት ጊዜ «እንደምን ነህ» እንደሚል ልትቆጥር ሁለት ሳምንት ተቀምጣለች። ዐሥራ አንድ ደርሳ ተስፋ ቆረጠች።

ይኼ ሁሉ ሕዝብ መጀመሪያ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ያስገባል፤ ጽሕፈት ቤቱ ወደ እኔ ይመራዋል፤ እኔ ደግሞ ወደ የኔታ ውቤ ይዤው እሄዳለሁ። የትምህርቱ ዓይነት ምንም ይሁን፣ መጀመሪያ የኔታ ጋ ነው።

የኔታ የደብሩ መሪጌታ ነበሩ። ዜማውንም ቅኔውንም ይዘዋል፣ ስማቸው የተጠራው ግን በባሕረ ሐሳብ ነው። ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ በስንት እንደሚውል፣ ዘመኑ የማን እንደሆነ በሚቆጠርበት ትምህርት ከደብረ ታቦር እስከ ጎንደር መንገድ ድረስ የሚስተካከላቸው የለም ይባል ነበር። ወረቀት አይፈልጉም። አውራ ጣታቸውን በሌሎቹ ጣቶች አንጓ ላይ ያስኬዳሉ፣ ከንፈራቸው ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ ገና ያልተወለደ ልጅ አግብቶ የሚውልበትን ፋሲካ ቀኑን ይነግሩሃል። እንደማንኛውም የሜዳው ሰው ደግሞ ያርሳሉ፣ ላም ያልባሉ፣ ጎርፍ ሲመጣ እህላቸውን ቆጥ ላይ ይሰቅላሉ። ለዚህ ነው ተመራማሪውን ሁሉ እሳቸው ጋ የምወስደው። የማያውቁትን «አላውቅም» ስለሚሉም ነው። ለተመራማሪ አላውቅም የሚል ሽማግሌ ማግኘት እንዴት ከባድ እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

የሚቀመጡት የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነው። በእጃቸው ጭራ አይጠፋም። ጭራው ወዲያ ወዲህ እያለ የሚናገሩት ነገር ጨዋታ ነው፤ ባይጻፍም ግድ የለም። ጭራውን ጉልበታቸው ላይ ካጋደሙት ግን እስክሪብቶህን አውጣ። ይኼን ለመጡት ሁሉ አስቀድሜ እነግራቸው ነበር።

ተመራማሪ ሲቀርባቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት እሳቸው ናቸው። «እስቲ ንገረኝ፣ ምን ብታገኝ ትደነግጣለህ?» ይሉታል። አብዛኛው መልስ የለውም። አንድ የኢኮኖሚክስ ልጅ «ምንም የሚያስደነግጠኝ ነገር የለም፣ ውጤቱ ይታወቃል» አላቸው፣ ኮራ ብሎ። «ታዲያ ምን አለፋህ? ቤትህ ሆነህ አትጽፈውም ነበር?» አሉት። አልተቆጡም፤ እውነት ግር ብሏቸው ነው። ልጁ ግማሽ ቀን እዚያው ተቀምጦ ሲያስብ ዋለ። እንግዶቹ ሲሄዱ ደግሞ የኔታ ለሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ «ስትጨርስ መጥተህ ምን እንዳገኘህ ንገረኝ።» ሁሉም እሺ ይላል። የሚመለሰው ከዐሥር አንድ ቢሆን ነው። የተመለሰ ቀን ግን የኔታን ማየት ነበር። የብራናው ቀለም ልጅ የጻፈውን በእንግሊዝኛ አስጠርዞ ይዞ መጣና፣ ወደ አማርኛ እየመለሰ ሁለት ቀን ሙሉ አነበበላቸው። ሳያቋርጡ ሰሙት። ሲጨርስ «ሁለት ቦታ ላይ አላመንኩህም፤ የቀረው ግን ግሩም ነው» ብለው መረቁት።

መጠይቅ የሚባለውን ነገር ግን አልወደዱትም። ስለ ደስታ የምታጠና የሥነ ልቦና ተማሪ መጥታ «ባለኝ ሕይወት ረክቻለሁ፤ በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልወሰንኩም፣ አልስማማም፣ በጣም አልስማማም» እያለች ስታነብላቸው ጭራቸውን እያወዛወዙ አዳመጡ። «የጠዋቱን ነው የማታውን?» አሏት። «በአጠቃላይ ነው አባባ» አለች። «በአጠቃላይማ ማን ይኖራል? ያችን አልወሰንኩም የምትለዋን ሁሉም ላይ አድርጊልኝ።» ልጅቱ ሳቀችና አደረገችው። ኋላ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን «ከሁሉም መልስ ሰጪ ያመንኩት እሳቸውን ብቻ ነው» አለችኝ።

ከሁሉ የማልረሳው ሦስቱ ሰዎች በአንድ ቀን የመጡ ዕለት ነው። አንዱ የሩዝ፣ አንዱ የላም፣ አንዷ የወባ። ከአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ከአንድ ግቢ የመጡ ናቸው፤ ተያይተው ግን አያውቁም። በየተራ አስገባቸዋለሁ ብዬ አሰልፌአቸው ሳለ የኔታ ከድንጋያቸው ላይ ሆነው «ምን ያስጠብቃቸዋል? አንድ ላይ ይምጡ እንጅ» አሉ። ሦስቱንም አስቀመጧቸውና መጀመሪያ የሩዙን ሰው አስተነፈሱት። ሩዝ ሜዳውን እንዴት እንደሞላው ተናገረ። ከዚያ የላሙ ሰው የፎገራ ላም ለምን እንደቀነሰች ሲናገር ግጦሹ በሩዝ ተይዟል አለ። የወባዋ ሐኪም ትንኟ ውኃ በተኛበት ማሳ እንደምትራባ ተናገረች። የኔታ ጭራቸውን አጋደሙና «እኔን ከምትጠይቁ እርስ በርስ አትጠያየቁም? አንድ ጠላ ሦስት ጋን ውስጥ ተከፋፍሎ ተቀምጦ እኔን ምን ቀመሱ ትሉኛላችሁ» አሏቸው። ሦስቱ እስከ ማታ ሲከራከሩ ዋሉ። ኋላ አብረው ጽፈው አሳተሙት አሉ፤ አንድ ቅጂ ልከውልኛል፣ ስዕሉን ብቻ ነው ያየሁት።

እንግዲህ አሁን ወደማልወደው ታሪክ ልግባ።

ሜሮን የምትባል ልጅ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የውኃ ሙላትን ልታጠና መጣች። ወንዙ ዳር የተለካውን የውኃ ቁመት የያዘ መዝገብ በእጇ ነበር። የጎደላት፣ በየትኛው ዓመት ጎርፉ ሜዳው ላይ እስከ ምን ድረስ ወጣ የሚለው ነው፤ እሱን የሚያውቀው ሽማግሌው ብቻ ነው። ችግሩ፣ የኛ ሽማግሌ ዓመቱን በቁጥር አይነግርህም። ዘመነ ማቴዎስ፣ ዘመነ ማርቆስ፣ ዘመነ ሉቃስ፣ ዘመነ ዮሐንስ ይላል፤ አራቱ በየተራ እየዞሩ ይመጣሉ። ስለዚህ «በሉቃስ ነው» ሲሉህ የትኛው ሉቃስ ብለህ መጠየቅ ግድ ነው፤ በየአራት ዓመቱ ሉቃስ አለና። ሜሮን የደቡብ ልጅ ናት፣ የሽማግሌዎቹ አነጋገር ፈጠነባት። እየጠየቅኩ ፎርሙን የምሞላላት እኔ ነበርኩ።

ሐምሌ ነበር፣ ያካፋል። ሜሮን ሜትር ይዛ ከዲያቆኑ ጋር የቅጥሩን በር ትለካለች። እኔ የኔታ አጠገብ ቁጭ ብያለሁ። ጭራቸውን አጋደሙና እንዲህ አሉኝ፦ «ትልቁ ውኃ በዘመነ ሉቃስ ነው፣ ነሐሴ ላይ። ያለፈው ሉቃስ አይደለም፣ ከዚያ በፊት የነበረው። ርብ ገንፍሎ እዚህ ድረስ መጣና የበሩ ሁለተኛ ድንጋይ ላይ ቆመ።» እኔ በቁራጭ ወረቀት «ሉቃስ፣ ነሐሴ፣ ሁለተኛ ድንጋይ» ብዬ ጫርኩ። ዝናቡ በረታ፣ ወረቀቱ ራሰ፣ ያመጣን የባጃጅ ሹፌር መንገዱ ሳይዘጋ እንሂድ እያለ ይጮኻል። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። በማግሥቱ ቢሮ ተቀምጬ ወደ ፎርሙ ስገለብጥ፣ ዓመት የሚለው ቦታ ላይ ወደ ኋላ ቆጠርኩና የቅርቡን ሉቃስ ጻፍኩ። ቅንጣት ታህል አልተጠራጠርኩም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኼ ነው፤ ተጠራጥሬ ቢሆን እጠይቅ ነበር።

ከስድስት ወር በኋላ ሜሮን ደወለች። «እትዬ፣ አማካሪዬ መረጃውን ፈጥረሽ ነው አለኝ።» ምን ሆኖ ስላት አስረዳችኝ። እኔ በጻፍኩት ዓመት ወንዙ ላይ የተለካው ውኃ ትንሽ ነው፤ እንኳን ቤተ ክርስቲያን በር ሊደርስ ከዳርቻው ማሳ አያልፍም። መምህሩ «ይኼ ሊሆን አይችልም፣ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ነው የሞላሽው» ብሏታል። ሐሙስ ሦስት መምህራን ፊት ቀርባ ካላስረዳች ጽሑፏ ይወድቃል፤ ሐሰተኛ ተብላ ትባረራለች። «እኔ እኮ በሜትር ነው የለካሁት» ትላለች ደጋግማ።

ስልኩን ዘግቼ ቁራጯን ወረቀት ፈለግኳት። ወረቀት መጣል አልወድም፣ አገኘኋት። ሉቃስ የሚለውን ሳይ የየኔታ ድምፅ እንዳለ መጣብኝ። ሄጄ ቅጥሩ ሥር አገኘኋቸውና የሆነውን ነገርኳቸው።

«ምን ብለሽ ጻፍሽ?» አሉኝ።

«የቅርቡን።»

«እኔ ምን ነበር ያልኩሽ?»

«ከዚያ በፊት የነበረውን።»

ጭራቸውን አጋደሙ። ከዚያ «ሐሙስ ከነገ ወዲያ አይዶል? እንሄዳለን» አሉኝ።

ሐሙስ በጠዋት ከወረታ መናኸሪያ ሚኒባስ ያዝን። እኔ መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳጠና ነበር። እሳቸው በክረምት ውኃው ተኝቶበት የነበረውን ማሳ እያዩ ይሄዳሉ። የዩኒቨርሲቲው ግቢ ስንደርስ ግን አንድ ያላሰብኩት ነገር ሆነ። በየሕንፃው በር ላይ በእንግሊዝኛ የተለጠፈውን የትምህርት ክፍል ስም እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። «የእንስሳት ሳይንስ» ስላቸው «እህ፣ የላሙ ልጅ ቤት እዚህ ነዋ» አሉ። «ሕግ» ስላቸው «ያ የመሬት ነገር ይጠይቀኝ የነበረው፣ ጥርሱ ፍንጭት የሆነው» አሉ። ኬሚስትሪ፣ ሥነ ልቦና፣ ታሪክ፣ ቋንቋ፤ ሁሉም በር ላይ የሚያስታውሱት ልጅ አላቸው። የሄድንበትን ጉዳይ ረስተው የጠፋ ዘመድ የሚጠይቁ ነበር የሚመስሉት። «ይኼ ሁሉ ሰው ሜዳችንን ሲያጠና ጎን ለጎን ነው የሚኖረው?» ብለው ተገረሙ።

መምህራኑ ሲያዩአቸው ብድግ አሉ። የሜሮን አማካሪ ክፉ ሰው አልነበረም፤ «አባታችን፣ እዚህ ድረስ በማድከማችን ይቅር ይበሉን» አላቸው። ሜሮን ጥግ ላይ ቆማ ጣቷን ትጠመዝዛለች። ከበሩ አጠገብ ሁለት ሦስት ተማሪዎች ነበሩ፤ አንዱን አውቀዋለሁ፣ የኛው ደብር የቄስ ልጅ ነው። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት የኔታ መዳፋቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉብኝ።

«ይኼች ልጅ አልዋሸችም» አሉ። «እኔ ዘንድ መጥታለች፣ ያሳየኋትን ድንጋይ በእጇ ለክታለች። ዓመቱን የሳትኩት እኔ ነኝ። የቅርቡ ሉቃስ ነው ብዬ ተናገርኩ፤ አይደለም፣ ከዚያ በፊት የነበረው ነው። ስሕተቱ የእኔ ነው፣ ልጅቱን ልቀቋት።»

አማካሪው መዝገቡን ገለጠ። አራት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ። ጣቱ አንድ ቁጥር ላይ ቆመና «ልክ ይመጣል» አለ፣ ቀስ ብሎ። ሜሮን ማልቀስ ጀመረች። መምህሩ እሷንም ይቅርታ ጠየቃት። እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ነበር። ዝም አልኩ። ማለት ያለብኝን ለማለት ጊዜም ነበረኝ፣ አንደበትም ነበረኝ። ይኼን ስጽፍ አፍራለሁ፣ ግን ደስ ብሎኝ ነው ዝም ያልኩት። ሸክሙ ከላዬ ሲነሣ ተሰምቶኛል።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ «የኔታ፣ ለምን?» አልኳቸው።

«እዚያ ግቢ ስንት በር አየን?» አሉኝ። «ከየበሩ የወጣው ልጅ ሁሉ ባንች እጅ አልፏል። የሩዙንም የወባውንም የጻፍሽላቸው አንች ነሽ። ዛሬ አንች ሳትሽ ቢባል ነገ የዚያኛው በር መምህር ያንን ልጅ ይጠራዋል፣ የወዲያኛውም እንዲሁ። እውነተኛ ሥራ የሠሩ ልጆች ሁሉ ይጠረጠራሉ። የእኔ ግን አንድ ቃል ነው፤ ተቃና፣ አለቀ።»

«ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምር ሰው እኮ ዘመን ሳትኩ አይልም» አልኳቸው።

«እሱን ለእኔ ተይው። ውሸቱንም ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ። አንች ግን ሥራ አለሽ። እስከ ዛሬ ለልጆቹ የጻፍሽውን ዓመት ሁሉ አንድ በአንድ መልሰሽ ታዪዋለሽ። ያን ስትጨርሽ እንደወደድሽ ተናገሪ።»

አየሁት። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብኝ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የየመንደሩን ሽማግሌ እየዞርን ጠየቅን፤ የሚበዛውን ጊዜ እሳቸውም በዱላቸው እየተደገፉ አብረውኝ ሄደዋል። ሌላ ሁለት ስሕተት አገኘሁ። አንዱ የከብት በሽታ የገባበት ዓመት፣ አንዱ ወባ የበረታበት። ለሁለቱም ተመራማሪዎች ጻፍኩ። አንደኛው አመስግኖ መለሰልኝ፣ ሌላኛው እስካሁን አልመለሰም።

የቄሱ ልጅ ግን ለበዓል ወደ ቤቱ ሲመጣ ወሬውን ይዞት መጣ። ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ እንደ ቀልድ ነው ያወራው። «የኔታ ሉቃስን ከሉቃስ አምታተው ፕሮፌሰሮች አረሟቸው» አለ። በሳምንቱ ያልሰማ አልነበረም። ባሕረ ሐሳብ ይማሩባቸው ከነበሩት አራት ደቀ መዛሙርት ሁለቱ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ሌላ ጉባኤ ሄዱ። የነነዌ ጾም ሲቃረብ የደብሩ አለቃ ቀኑን ከሌላ ደብር አስጠይቀው አስነገሩ፤ ድሮ የኔታ በጣታቸው ቆጥረው የሚሰጡት ነበር። እሳቸው ቅጥሩ ሥር ተቀምጠው ጭራቸውን ማወዛወዝ ብቻ ሆነ ሥራቸው። «ልናገር» አልኳቸው ሁለት ጊዜ። «ጨርሰሻል?» ይሉኛል። አልጨረስኩም።

በኋላ ጨረስኩ። ጨርሼም አልተናገርኩም። ክረምት ገባ፣ ሩዝ ተዘራ፣ ግምገማ መጣ፣ እያልኩ ምክንያት ደረደርኩ። እሳቸው አንድም ቀን አላስታወሱኝም። ተመራማሪ ይዤ ስሄድ እንደ ወትሮው «ምን ብታገኝ ትደነግጣለህ?» ይላሉ። ሜሮን ቃሏን ጠብቃ መጥታ ያገኘችውን ስትነግራቸው አጠገባቸው ነበርኩ፤ ደስታቸውን አየሁ። ያን ጊዜም አልተናገርኩም። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ከዚያ ሞቱ። በቀብሩ ማግሥት ለሜሮን ደወልኩና ሁሉን ነገርኳት። ዛሬ እሷም አስተማሪ ሆናለች። «እትዬ፣ ይኼ ለእኔ የሚነገር አይደለም፤ ለሰፈሩ ንገሪ» አለችኝ።

አርባቸው ሲወጣ ሰው ግቢውን ሞላው። አንድ ቄስ የሕይወት ታሪካቸውን ከወረቀት አነበቡ። የት እንደተወለዱ፣ ማን ዘንድ እንደተማሩ፣ ስንት ዓመት እንዳስተማሩ። ወደ መጨረሻው ላይ «ሰው ናቸውና በስተርጅናቸው ዘመን ቢስቱም፣ በወጣትነታቸው ግን ተወዳዳሪ አልነበራቸውም» የሚል ዐረፍተ ነገር መጣ። በደግነት ነው የጻፉት። ሰዉም በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ከሴቶቹ መሀል ተነሣሁ።

ምን ብዬ እንደጀመርኩ አላስታውስም። የጨረስኩበትን ግን አስታውሳለሁ፤ «የኔታ ዘመን አልሳቱም። በትክክል ነግረውኝ የሳትኩት እኔ ነኝ፤ ለእኔና ለልጆቹ ብለው ነው የተሸከሙት» ብያለሁ። ወሬውን ያመጣው የቄስ ልጅ እዚያው ነበር፤ አንገቱን ደፋ።

ባለቤታቸው እማማ ጥሩወርቅ ከመደቡ ላይ ቀና ብለው አዩኝ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ብሰደብ ይቀለኝ ነበር።

«ለእኔም አልነገሩኝ» አሉ። ድምፃቸው አልጮኸም። «እኔም ደከሙ፣ ቁጥሩ ጠፋባቸው ብዬ አምኜ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ጾም የሚገባበትን ቀን ከጎረቤት እየሄድኩ ነው የጠየቅሁ። አጠገቤ ተቀምጠው። ወዴት ትሄጅያለሽ እንኳ አላሉኝም።» ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። እግራቸው ሥር ተደፋሁ። «ተነሽ ልጄ፣ እኔን አይዶል የበደልሽው» አሉኝ።

ከዚያ ወደ ቄሱ ዞሩ። «አባ፣ እንደገና ያንብቡልኝ» አሏቸው።

ቄሱ ወረቀቱን ከኪሳቸው መልሰው አወጡና ከተወለዱበት መንደር ጀመሩ። ሰው ሁሉ ተቀምጦ አንድም ሳይነሣ እንደገና ሰማ። ያ ዐረፍተ ነገር ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ዘልለው ሊያልፉት እንደሆነ ስላወቁ እማማ ጥሩወርቅ «አይዝለሉት፤ እንደሆነው ይናገሩት» አሉ። ቄሱ ወረቀቱን አጠፉ፣ ስሜን ከነአባቴ ጠሩ፣ የሆነውንም እንደሆነ ለሰዉ ተናገሩ።